የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች፦ በፉል ታይሙና በፓርት ታይሙ መካከል ስላለው ቅሬታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በበዛበት ከተማ፣ ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ሲያትል፣ ዴንቨርም ሆነ ላስ ቬጋስ፣ ኡበር ወይም ሊፍት በሚባሉት የስልክ አፖች ተሳፋሪ የሚያመላልስ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለአንዳንዱ ሙሉ መተዳደሪያው ነው። ሌላው ከዋናው ሥራው ሲወጣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይነዳል። ሁለቱም አንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ አንድ ዕቁብ ይጥላሉ። የሥራው ነገር ሲነሣ ግን ቶሎ ይጋጫሉ። ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ሰብስበን እዚህ መልሰናል።

ቅሬታው ምንድን ነው?

ፉል ታይም የሚነዳው ሰው በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ወጪም፣ የመኪናው ክፍያም ከዚሁ ይወጣል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዓርብ ማታ ወይም ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ግን ሳምንቱን ሙሉ ያልታየ ሰው ሁሉ አፑን ይከፍታል፤ ሰርጁም (ተሳፋሪ ሲበዛ የሚጨመረው ዋጋ) ሳይቆይ ይጠፋል። ባዶውን ሰዓት ብቻዬን ተሸክሜ ጥሩውን ለምን እካፈላለሁ ይላል።

ፓርት ታይሙም የሚለው አለው። መኪናው የራሱ ነው፣ ታክስ ይከፍላል፣ ሥራው ሲጀመር የተነገረውም በፈለግህበት ሰዓት ንዳ የሚል ነው። የኮሌጅ ክፍያውን ወይም አገር ቤት የሚልከውን ብር የሚሸፍነው ከዚያች የዓርብ ማታ ነው። በዚህ ላይ ፉል ታይም ሹፌሮች የሚጠይቁት ሕግ ሲወጣ ኩባንያው የሥራ ሰዓት እንዳይመድብበት፣ ነጻነቱን እንዳይወስድበት ይሰጋል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። የተጣሉት ግን ከማይገባቸው ሰው ጋር ነው። ምክንያቱን ከታች እናያለን።

አብዛኛው ሹፌር ፓርት ታይም ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ሰው ከተቆጠረ እውነት ነው። የኡበሩ ኢኮኖሚስት ጆናታን ሆልና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው አለን ክሩገር ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በ2014 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከኡበር ሹፌሮች ግማሽ ያህሉ የሚነዱት በሳምንት ከ15 ሰዓት ያልበለጠ ነበር።

ጉዞ ከተቆጠረ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2020 ጄምስ ፓሮትና ማይክል ራይክ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ለሲያትል ከተማ ባጠኑት ጥናት፣ ከሹፌሮቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ፉል ታይም የሚነዱ ናቸው። ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሆነውን የሚሸከሙት ግን እነዚያው አንድ ሦስተኛዎቹ ናቸው። ይህ ለማመን አይከብድም። በሳምንት 50 ሰዓት የሚነዳ አንድ ሰው አምስት ሰዓት የሚነዱ አሥር ሰዎችን ያህል መንገድ ላይ ይቆያል።

ኩባንያዎቹ ሕግ ሲመጣባቸው ሰው ይቆጥራሉ፤ ሹፌሮቻችን ትርፍ ሰዓታቸውን ነው የሚሠሩት ይላሉ። የሹፌር ማኅበራት ደግሞ ጉዞ ይቆጥራሉ። ስብሰባ ላይ ቁጥር ሲጠቀስ የሰው ነው ወይስ የጉዞ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አንዱ በሰዓት አሥር ዶላር ይላል፣ ሌላው ከሃያ በላይ። ማንን ልመን?

ይህንንም ሲያትል ላይ በደንብ አይተነዋል። የፓሮትና የራይክ ጥናት ሹፌሩ ወጪው ተቀንሶ በሰዓት የሚያገኘው 9.73 ዶላር ነው አለ። በዚያው ሰሞን ኡበርና ሊፍት መረጃ የሰጡት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ 23 ዶላር ገደማ ነው አለ። ከተማው ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው።

ከልዩነቱ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ሹፌሩ ማን ነው ብሎ ከመነሣት ነው። ፓርት ታይም ከሆነ መኪናው ድሮም ነበረው፤ ኢንሹራንሱንና የመኪና ክፍያውን ቢነዳም ባይነዳም ይከፍለዋል። ስለዚህ ወጪው ተብሎ የሚቆጠረው ቤንዚንና የመሳሰለው ብቻ ነው። ፉል ታይሙ ግን መኪናውን የገዛው ለዚሁ ሥራ ነው። በየዓመቱ የሚጨምረው ማይል መኪናውን ይበላዋል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሌላ መግዛት አለበት። ይህ ሁሉ ሲቆጠር ገቢው ያሽቆለቁላል።

ስለዚህ ፓርት ታይም ጓደኛዎ በሰዓት ሃያ ምናምን አገኘሁ ቢልዎ አልዋሸም። እርስዎም አሥር ነው ቢሉ አልዋሹም። ችግር የሚመጣው የፓርት ታይሙ ሒሳብ ለፉል ታይሙ ኑሮ መለኪያ ሲሆን ነው። ሕግ አውጪ ፊት የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ያ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ፓርት ታይም ሰው ገበያዬን ይወስዳል ወይስ አይወስድም?

ይወስዳል። ይህን ማለስለስ አያስፈልግም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰፈር 100 የተሳፋሪ ጥሪ ካለና ሹፌሩ ከ50 ወደ 80 ከፍ ካለ፣ እያንዳንዱ ሹፌር ባዶ የሚቀመጥበት ደቂቃ ይጨምራል። የጄፒ ሞርጋን ቼዝ ኢንስቲትዩት የባንክ ደንበኞችን መረጃ አጥንቶ በ2018 እንዳወጣው፣ በአፕ ሰው በማመላለስ የሚሠራ ሹፌር ሥራ ላይ በነበረበት ወር ያገኝ የነበረው በአማካይ በ2013 1,469 ዶላር ነበር። በ2017 ወደ 783 ወረደ። ይህ ሁሉ የዋጋ መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ሰዓት የሚነዱ ሰዎች መብዛታቸውም አማካዩን ያወርደዋል። ያም ሆኖ በእነዚያ ዓመታት መንገድ ላይ የነበረ ሹፌር ቁጥሩ አይገርመውም።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት በሩን ማን ከፈተው የሚለው ነው። ሹፌር ሲጠብቅ ኩባንያው አይከፍልም። በአብዛኛው ቦታ ክፍያ የሚታሰበው ጥሪው ከተያዘ በኋላ ላለው ጊዜና መንገድ ነው። የሚጠብቅ ሹፌር ኩባንያውን ምንም አያስወጣውም፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል። መንገድ ላይ ብዙ ሹፌር ካለ ተሳፋሪው ስምንት ደቂቃ በመጠበቅ ፈንታ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ተደስቶም ነገ ይመለሳል። የዚያን ተሳፋሪ ምቾት የሚከፍለው መኪናው ውስጥ ባዶ የተቀመጠው ሹፌር ነው። የመጠበቂያ ሰዓት ዋጋ እስከሌለው ድረስ ኩባንያው አዲስ ሹፌር መቀበል የሚያቆምበት ምክንያት የለውም።

የመጠበቂያ ሰዓት ዋጋ ሲኖረው ምን ይሆናል? የተሞከረበት ቦታ አለ?

አለ። ኒው ዮርክ።

እዚያ መጀመሪያም ዝም ብሎ አፕ አውርዶ መጀመር አይቻልም። ሹፌሩም መኪናውም ከከተማው የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ኢንሹራንሱም የንግድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ብቻ የሚነዳ ሰው ከሌላው ከተማ ያነሰ ነው። በነሐሴ 2018 ከተማው አዲስ የተሽከርካሪ ፈቃድ መስጠቱን ገደበ። ከየካቲት 2019 ጀምሮ ደግሞ ከወጪ በኋላ በሰዓት 17.22 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገ። የስሌቱ ቁልፍ ሹፌሩ ከሚሠራበት ሰዓት ስንት እጁ ተሳፋሪ ይዞ ነው የሚለው ነው። ሹፌር በዝቶ ባዶ ሰዓት ከጨመረ ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚከፈለው ከፍ ይላል።

ኩባንያዎቹ ወዲያው ሹፌር መቀነስ ፈለጉ። አዲስ ሹፌር መመዝገብ አቆሙ። ገበያ በቀዘቀዘ ሰዓት ሹፌሮች አፑን እንዳይከፍቱ ማገድም ጀመሩ። ብዙ ጉዞ የሠራ ቅድሚያ አገኘ፤ ትንሽ የሚነዳው ሰዓት ቀድሞ መያዝ ወይም መጠበቅ ነበረበት። በ2024 እገዳው እንደገና መጣና ፉል ታይሞቹንም ክፉኛ መታቸው። በመሀል ቀን አፑ ይዘጋባቸው ስለነበር የለመዱትን ገቢ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ እየገቡ እየወጡ መዋል ግድ ሆነባቸው።

ከኒው ዮርክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ባዶው ሰዓት ዋጋ ካለው ኩባንያው ሹፌር ማብዛቱን ራሱ ያቆማል። ደንቡ ክፍተት ካለው ደግሞ ሸክሙን ወደ ሹፌሩ የሚመልስበት መንገድ አያጣም።

ፓርት ታይሞች ርካሽ ጥሪ ስለሚቀበሉ ዋጋ ያበላሻሉ ይባላል። ልክ ነው?

በከፊል። አሁን ጥሪ ሲመጣ ክፍያው ቀድሞ ይታያል፤ ይህ አሠራር በ2022 ነው በሰፊው የተዘረጋው። አንዱ የማይቀበለው ጥሪ ለሌላው ይላካል። በዚያ ሰፈር የማይረባውን ጥሪ የሚወስድ ሰው ሁልጊዜ ካለ ዋጋውን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

ርካሽ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 9 ማይል የሚሄድ ሰው በ8 ዶላር መጣ እንበል። ሰውዬው ያለበት ለመድረስ 4 ማይል አለ። ጠቅላላው 13 ማይል ነው። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለአንድ ማይል የመኪና ወጪ የፈቀደው 70 ሳንቲም ነው። 13 በ0.70 ሲባዛ 9.10 ዶላር ይሆናል። ገና ከቦታው ሳይነሣ ከስሯል። ያረጀ ፕሪየስ (ቤንዚን የሚቆጥብ መኪና) የሚነዳ ሰው ወጪው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የሚተርፈው ለቡና አይበቃም።

አዲስ ሰው ይህን ሒሳብ አያውቀውም፤ የሚያየው 8 ዶላሩን ነው። ፉል ታይሙም በመጀመሪያው ዓመት አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ከመቆጣት ማስተማር ይሻላል። በነገራችን ላይ ርካሽ ጥሪ በብዛት የሚወስደው ፓርት ታይሙ ብቻ አይደለም። የመኪና ኪራዩን እስከ እሑድ መሙላት ያለበት ፉል ታይም ሹፌርም ያገኘውን ይወስዳል። ደመወዝ ያለው ሰው እንዲያውም እምቢ ማለት ይቀለዋል።

ኤርፖርት ላይ ሁላችንም አፑን ብንዘጋ ሰርጅ ይወጣል። አዲሶቹ ናቸው የሚያበላሹት?

በ2019 ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ሬገን ናሽናል ኤርፖርት ሹፌሮች ተስማምተው በአንድ ጊዜ አፑን እየዘጉ፣ ዋጋው ሲወጣ መልሰው ይከፍቱ እንደነበር የአካባቢው ቴሌቪዥን ዘግቦ ነበር። ለምን እንዳደረጉት ይገባናል። የሚቆየው ግን ስምምነቱን የማያውቅ ሰው እስኪመጣ ነው፤ ያ ሰው መምጣቱ ደግሞ አይቀርም። ሲመጣ ስድብ ይከተላል። አካውንት ሊያዘጋ እንደሚችልም አይርሱ።

ሌላም አደጋ አለ። ሹፌሮች በሕግ ዓይን እያንዳንዳቸው እንደ ግል ነጋዴ ስለሚታዩ፣ በዋጋ ላይ አብረው መስማማታቸው በፌዴራሉ የውድድር ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ሲያትል በ2015 ሹፌሮች በማኅበር እንዲደራደሩ ስትፈቅድ የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት የከሰሳት በዚሁ ነው። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም የከተማዋን መከላከያ አልተቀበለም። ከዚያ ወዲህ ትግሉ በአብዛኛው ወደ ስቴት ሕግ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጎቹ ሁለቱን በእኩል ዓይን ያያሉ?

እንደ ስቴቱ ነው፤ ዝርዝሩን ማወቅም ይጠቅማል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያለፈው ፕሮፖዚሽን 22 መስመሩን በሰዓት ያሰምራል። ጥሪ ይዞ የተሠራ ሰዓት ብቻ ተቆጥሮ በሳምንት በአማካይ 15 ከሞላ የጤና ኢንሹራንስ ድጎማው ግማሽ ይሰጣል። ሙሉው የሚሰጠው 25 ሲሞላ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ 25 ለመሙላት መንገድ ላይ ከዚያ በጣም የበለጠ መቆየት ያስፈልጋል። ኩባንያዎቹ ለዚያ ድምፅ ቅስቀሳ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ከክርክራቸው ዋናው ሹፌሩ ነጻነቱን ይፈልጋል የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር ፓርት ታይሙን ፊት አቁመው ነው የተከራከሩት።

ዋሽንግተን ስቴት የተሻለ መንገድ መርጧል ብለን እናምናለን። ከጥር 2023 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ለደቂቃና ለማይል ዝቅተኛ ዋጋ አስቀመጠ፤ ሲጀመር ሲያትል ውስጥ በደቂቃ 64 ሳንቲም፣ በማይል 1.50 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱም ይስተካከላል። ሁለት ሰዓት የነዳም አሥራ ሁለት ሰዓት የነዳም በዚያው ዋጋ ይከፈለዋል። የሕመም ፈቃድ ደግሞ ተሳፋሪ ይዞ ለተሠራ ለእያንዳንዱ 40 ሰዓት አንድ ሰዓት እየተጠራቀመ ነው። ብዙ የነዳ ብዙ ያገኛል፤ ትንሽ የነዳም ባዶ እጁን አይቀርም። አካውንቱ የተዘጋበት ሰው ይግባኝ ሲል የሚረዳው የሹፌሮች ማዕከልም አለ።

ሚኒሶታም በ2024 የራሷን ዝቅተኛ ዋጋ አወጣች፤ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። እዚያ ግንባር ቀደም የነበሩት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሹፌሮች ናቸው።

ፓርት ታይም ነኝ። ማኅበር ወይም ዩኒየን እኔን ይመለከተኛል?

በማሳቹሴትስ ይህ ጥያቄ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። በኅዳር 2024 በሕዝብ ድምፅ ያለፈው ሕግ ሹፌሮች ዩኒየን እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ዩኒየን ለመጀመር ፊርማቸው የሚቆጠረው ግን ንቁ የሚባሉት ሹፌሮች ናቸው። ንቁ የሚባለው ባለፉት ስድስት ወራት የሠራው ጉዞ ከሹፌሮች ሁሉ መካከለኛ ቁጥር የሚበልጥ ነው። ይህ ማለት ታችኛው ግማሽ በምሥረታው ድምፅ የለውም። ኑሮው ሥራው ላይ የተመሠረተ ሰው ቅድሚያ ማግኘቱ ተገቢ ነው እንላለን፤ ግማሹን ሰው ውጪ መተው ግን ነገ ኩባንያው የሚጠቀምበት ክፍተት ነው። ካሊፎርኒያም በጥቅምት 2025 ለሹፌሮች የመደራጀት መብት የሚሰጥ ሕግ አጽድቃለች።

ስብሰባው ላይ ይገኙ። ዝቅተኛ ዋጋ ሲወጣ የዓርብ ማታ ክፍያዎም አብሮ ነው የሚያድገው።

ኩባንያው ብዙ ለሚነዳው አያዳላም?

ያዳላል፤ ግን በኩባንያው ፍላጎት ልክ። ኡበር ፕሮ የሚባለው ደረጃና የሳምንት ቦነሱ ብዙ ጉዞ ለሚሠራ ነው የተሰናዳው። ደረጃው እንዳይወርድበት ሲል የማይረባ ጥሪ የሚቀበል ሹፌር ብዙ ነው። አዲስ ሰው ሆን ተብሎ ጥሩ ጥሪ ይሰጠዋል የሚል ጥርጣሬም በሰፊው ይወራል። ጥሪው እንዴት እንደሚመደብ ኩባንያዎቹ ለሹፌሩ ገልጠው ስለማያሳዩ ጥርጣሬው ቢኖር አይፈረድም።

ታክሲ ነጂዎቹ በእኛ ላይ ያነሡት ቅሬታም ይኸው አልነበረም?

ነበር። ዲሲ ውስጥ ከታክሲ ነጂው ብዙው ኢትዮጵያዊ ነው። በ2014 ታክሲዎች ፔንሲልቬንያ ጎዳናን ዘግተው ጥሩምባ እያሰሙ ሲቃወሙ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ንግድ ኢንሹራንስ በግል መኪናው የሚነዳ ሰው እንጀራችንን ወሰደ ነበር የሚሉት። ዛሬ ፉል ታይም ኡበር ከሚነዱት መካከል ያኔ በታክሲ ሰልፉ ላይ የነበሩ አሉ። ብዙዎቹ ታክሲውን የለቀቁት ወደው ሳይሆን ገበያው ስለሞተ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የፉል ታይሙን ቅሬታ እንደ ቅናት አያየውም።

ያለ ሹፌር የሚሄዱት መኪናዎችስ?

ኦስቲንና አትላንታ ውስጥ ዌይሞ የተባለው ሹፌር አልባ መኪና ከ2025 ጀምሮ በኡበር አፕ በኩል ይጠራል። እዚያ ጥሪውን የሚጋራው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው በመሀል ከተማ አጭር ጉዞ የሚኖር ሰው ይመስለናል፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ፉል ታይሙ ነው።

የአክስቴ ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ልጀምር ይላል። እኔ ፉል ታይም ነኝ። ምን ልበለው?

አይከልክሉት። ቢከለክሉትም በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ያስጀምረዋል፤ ያ ሰው ሒሳቡን አይነግረውም።

ለዚህ ሥራ ብሎ በብድር አዲስ መኪና እንዳይገዛ ይንገሩት። የግል ኢንሹራንሱ ሲነዳ ላይሸፍነው ስለሚችል ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ የራይድሼር (በአፕ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ሰው የሚሆን) ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቅ። በተለይ አፑን ከፍቶ ጥሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ኩባንያው የሚሰጠው ሽፋን አነስተኛ ነው፤ የራሱ መኪና ቢጎዳ ላይከፈለው ይችላል። በዓመት ከወጪ በኋላ 400 ዶላር ካተረፈ ግብር ማሳወቅ አለበት፤ ከመደበኛው ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ታክስ አለ። ማይሉን ከመጀመሪያው ቀን ይመዝግብ፤ ጥሪ ለማንሣት የሄደበትን ባዶ መንገድም ጭምር። ኡበርንና ሊፍትን አብሮ ከፍቶ የተሻለውን ጥሪ መምረጥም ይችላል። ለማይሉ ምን ያህል ሲከፈል እንደሚቀበልና ከስንት በታች እንደማይነካ ደግሞ እርስዎ ያሳዩት፤ የሰፈሩን ገበያ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።